ዘኬዎስ በማግስቱ

«ክርስቲያናዊ ልብ ወለድ ስብከት እንዳይሆን ምን ይደረጋል? ከአንባቢስ ምን ይጠበቃል?» ብለው ለጠየቁት እህታችን፣ ደሴ ተቀምጬ አንድ ልብ ወለድ ለመጨረስ በፈጀብኝ አራት ዓመት ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

ታሪኬ የተነሣው ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ነው። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በሐሰት የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ኢያሪኮ ላይ ቃል ይገባል፤ ወንጌሉ ግን በማግስቱ የማንን በር እንዳንኳኳ፣ ማን እንዳመነውና ማን እንደሰደበው አይነግረንም። ይህን ሳብሰለስል ከርሜ ሰውዬውን ወደ ሰኞ ገበያ አመጣሁትና ቁናውን እያጎደለ የሚሰፍር እህል ነጋዴ አደረግሁት።

የመጀመሪያው ረቂቅ ያለ ጥርጥር ስብከት ነበር። አንድ ቄስ 11 ገጽ ሙሉ ይመክራሉ፣ ነጋዴው ያለቅሳል፣ ታሪኩም ያልቃል። ከልጅነቴ ጀምሮ ቡናቸውን የጠጣሁ አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴ፣ ምዕራፉን ሳነብላቸው እስከ ቶና በትዕግሥት ሰምተው «ልጄ፣ ሃያ ዓመት ያጎደለ ሰው በአንድ ምክር ሲያለቅስ እኔ አላየሁም» አሉኝ። 11ዱንም ገጽ አወጣሁ። (ቄሱን አልጣልኋቸውም፤ አሁን ጤፍ ሊሸምቱ ይመጣሉ እንጂ አይመክሩም።)

ከዚያ በኋላ ከመጻፍ ይልቅ ማየትና መስማት አበዛሁ። ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስመላለስ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ተሳፋሪው ስለ ዕዳና ስለ ውርስ የሚያወራውን ማታ ማታ በደብተር አሰፍራለሁ። መጽሐፉን ያቃናልኝ ግን ገበያው ነው፤ አንድ ቀን አንድ እህል ሻጭ ቁናውን ቆልሎ ሲሰፍርላት፣ ገዢዋ በመደሰት ፈንታ እህሉን እየዘገነች ነቀዝ ስትፈልግበት አየሁ። የንስሐው ክብደት ለካ ከለቅሶው ላይ አልነበረም፤ የታሪኬ ነጋዴ ሞልቶ በሰፈረ ቁጥር ይበልጥ እየተጠረጠረ መኖሩ ላይ ነበር።

አንባቢዬ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሮጥ አልጠብቅም፤ ልብ መመለስ በእምነቴ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። እኔ የምመኘው ያጎደለበትን የአንድ ሰው ስም እንዲያስታውስ ነው። ደግሞም ወሎ ውስጥ ፋሲካና ዒድ በአንድ ቤት የሚከበርበት ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ፣ አክስቱ ወይም አያቱ ሙስሊም የሆኑ ሰው እንደሚያነበኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ሙስሊም ገጸ ባሕርዮቼን ለክርስቲያኑ መታረሚያ ብቻ ብዬ ላቆማቸው አልችልም፤ የራሳቸው ዕዳና የራሳቸው ጨዋታ ያስፈልጋቸዋል። ብዙ መንፈሳዊ ልብ ወለዶች የሚደክሙት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እርስዎም ምዕራፍዎን ከማኅበርዎ ውጭ ላለ ሰው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡለት። አስተያየት አይጠይቁት፤ በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይልዎታል። ሲኒውን አስቀምጦ ወደ በሩ ማየት የጀመረበትን ገጽ ብቻ ምልክት ያድርጉበት።