አስተርጓሚ ብቻ አይበቃም፦ ስለ መጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናው ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «መስማት የተሳናቸው 25 አባላት ላሉት ማኅበራችን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና እያዘጋጀሁ ነው። አስተርጓሚ አግኝቻለሁ፤ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» ያልሽውን ትናንት ማታ አነበብኩት። የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። አስተርጓሚ ካለ ሁሉም አለ ብዬ። ያ ስህተቴ የሰው እጅ ላይ ጠባሳ ስለተወ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። የሚሠራው የእንጨት ሥራ ማኅበር ውስጥ ነው፤ ከ18ቱ አባላት 14ቱ አይሰሙም። መጋዝ አለ፣ መላጊያ አለ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። አንድ ቀን አንዱን ልጅ መጋዝ ጣቱን ቆረጠው። ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ነስንሰው ጤና ጣቢያ ይዘውት መጡ። ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ አጥብቆ መጫን እንደሚሻል የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሥልጠናውን የጀመርኩት ያኔ ነው።

1. መጀመሪያ ስለ ዓይን አስቢ። እኛ በጆሯችን እየሰማን በዓይናችን እናያለን። መስማት የተሳነው ሰው ሁለቱንም የሚያደርገው በዓይኑ ነው። አሠልጣኛችን ደግ ነርስ ነበር፤ ግን እየሠራ ያወራል። አስተርጓሚዋ እኔ ራሴ ባስቀመጥኳት ቦታ፣ ግራ ጥግ ላይ ቆማለች። ልጆቹ የነርሱን እጅ ካዩ ንግግሩ ያመልጣቸዋል። እሷን ካዩ ደግሞ እጁ ያመልጣቸዋል። ጭራሽ ፕሮጀክተሩ እንዲታይ ብሎ መብራቱን አጠፋው! ተነሥቼ አበራሁት። «ስላይዱ አይታይም» አለኝ። አስተርጓሚዋስ?

ከዚያ የቃጠሎው ክፍል መጣ። ነርሱ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ከፍ አድርጎ አሳየ። ክንዱ ላይ የመቀባት እንቅስቃሴ አደረገ። «ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ!» አለ። አስተርጓሚዋም በትክክል ተረጎመችው። ልጆቹ ግን ያዩት ቱቦውንና ክንዱን ነው። «እንዳታደርጉ» የምትለው ምልክት ጥግ ላይ ቀረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዷ አባል ላይ የፈላ ውሃ ተገለበጠባት። ከክንዷ እስከ ጣቶቿ። ጓደኞቿ ሮጠው የጥርስ ሳሙና ገዙ፤ ሙሉውን ቱቦ ቀቧት። ወንድሜ በኩራት «እንደተማርነው አደረግን» አለኝ። ጤና ጣቢያ ያንን ሲያጥቡላት ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም። እነሱ አላጠፉም። ያዩትን አደረጉ፤ ያሳየናቸው እኛ ነን።

ስለዚህ የተሳሳተውን ነገር በድርጊት አታሳዩ። ትክክለኛውን ብቻ አሳዩ፦ ቀለበትና ሰዓት ማውለቅ፣ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን። የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቀን ከጀሪካን ቀስ እያሉ ማፍሰስንም በተግባር አለማምጃቸው። አሠልጣኙ ሲያወራ እጁ ይረፍ፤ ሁሉም አስተርጓሚውን ይይ። ከዚያ አፉን ዘግቶ ይሥራ። ከዚያ ጥያቄ። እኛ የአንድ ቀን ሥልጠና ብለን ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብን። የአስተርጓሚ አበል ስትይዢ ይህን አስቢበት። ረጅም ቀን ከሆነ ደግሞ አንድ አስተርጓሚ አይበቃም፤ ሁለት ሆነው ይቀያየሩ።

2. ከተቻለ አሠልጣኙ ራሱ መስማት የተሳነው ይሁን። በሁለተኛው ዙር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋ ያጠና፣ ራሱ የማይሰማ ወጣት አገኘን። ነርሱ አራት ቀን እሱን አሠለጠነው፤ እሱ ደግሞ ልጆቹን። ልዩነቱን ብታዪው! በመጀመሪያው ዙር አንድም ጥያቄ ያልጠየቁ ልጆች እጃቸው አላርፍ አለ። ምልክት ያላወቁላቸውን የሕክምና ቃላት አስተርጓሚዋ በጣት ፊደል፣ ማለት ቃሉን ፊደል በፊደል በጣቷ እያሳየች ነበር የምታልፋቸው። ፊደሉን ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን ማወቅ ሌላ። ወጣቱ አሠልጣኝ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ «ራሱን ስቷል» እና «ተኝቷል» እንዳይምታቱ ምልክቱን ተስማሙበት። አንቺ ምልክት አትፍጠሪላቸው፤ ቋንቋው የእነሱ ነው።

3. በራሪ ወረቀት ላይ ገንዘብ አታባክኚ። እዚህ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይመጣል። አዳራሽና የማሠልጠኛ አሻንጉሊት ለመዋስ የትብብር ደብዳቤ ይዤ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። «ደብዳቤሽ ገና አልተመራም።» «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» በመጨረሻ የተገኙት ኃላፊ «ማንበብ ይችሉ የለ? ወረቀት በትኚላቸው» አሉኝ። አመንኳቸው፤ ከራሴ ኪስ 300 አሳተምኩ። ወንድሜ አሥረኛ ክፍል ጨርሷል። ወረቀቱን አንብቦ ግማሹን ቃል ጠየቀኝ። ለእሱ የመጀመሪያው ቋንቋ ምልክት ነው፤ አማርኛ ሁለተኛው ነው። ይህን ያልተረዳሁት እኔ፣ እህቱ!

በአምስተኛው ጊዜ ወንድሜን ይዤው ሄድኩ። ኃላፊው እሱ ፊታቸው ተቀምጦ «ምን ይላል ይሄ?» ብለው እኔን ይጠይቁኛል። «ራሱን ይጠይቁት፣ እኔ እተረጉማለሁ» አልኳቸው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አትሜ ይዤ ነበር። አንቀጽ 11 ስለ አደጋ ጊዜ ነው። ወንድሜ እያንዳንዱን ሐረግ በምልክት አስረዳቸው። አዳራሹን ሰጡን። በዚያ ቀን የወንድሜን ፊት ያየሁትን ያህል የኮራሁበት ቀን የለም።

በወረቀቱ ፋንታ አሁን አጫጭር ቪዲዮዎች አሉን። እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው፤ በቴሌግራም ይላካል። እጅም ፊትም ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት። ማስክ አይደረግ፤ የፊት ገጽታ የቋንቋው አካል ነው።

ትምህርቱም ራሱ መስተካከል አለበት። «ጆሮህን አስጠግተህ ትንፋሹን ስማ» የሚለው አይሠራም፤ ጉንጭን አስጠግቶ የትንፋሹን ሙቀት ማወቅ፣ በዓይን ደግሞ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ማየት ነው። ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረገው ደረት መጫን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው፤ የሚሰሙት በጭብጨባ ይለማመዱታል። የእኛ አሠልጣኝ ከኋላ ሆኖ ትከሻቸውን በዚያ ፍጥነት መታ መታ ያደርግላቸዋል፤ ከዚያ እጁን ያነሣል፣ እነሱ ይቀጥላሉ። የተጎዳው ራሱ መስማት የተሳነው ከሆነ ደግሞ ሁለቱን እጁን ማንም እንዳይዝበት። የተጎዳችውን ልጅ አንድ ጎረቤት ሊያጽናናት ብሎ ደህናውን እጇን ጥብቅ አድርጎ ይዞት ነበር። የት እንዳመማት መናገር አልቻለችም።

የቀረው 907 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በስልክ ነው የሚጠራው፤ ልጆቹ ደውለው መናገር አይችሉም። እኛ በሩ አጠገብ ካርድ ሰቅለናል፤ እያንዳንዱም ኪሱ ውስጥ ይዟል። «መስማት የተሳነኝ ነኝ። ሰው ተጎድቷል። እባክዎ 907 ይደውሉልኝ። ቦታው…» ይላል፤ ቀጥሎ ሰፈሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የበሩ ቀለም። ከባለሱቁና ከማታው ዘበኛ ጋር አስቀድመን ተነጋግረናል። ካርዱን ያየ ወዲያው ይደውላል። ያንቺም ሰፈር ሱቅ አይጠፋም፤ ከሥልጠናው ቀን በፊት ሄደሽ አነጋግሪያቸው።

ካርዱንና ሰባቱን ቪዲዮዎች በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። የመጋዙ ቪዲዮ ለእናንተ ካልሆነ ዝለዪው። የቃጠሎውን ግን ከሁሉ በፊት አሳዪያቸው።