ዲስኩ «ፎርማት ይደረግ?» ሲልሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ላፕቶፑ ወድቋል። ሃርድ ዲስኩን አውጥተሽ በዩኤስቢ ስትሰኪው ዊንዶውስ ፎርማት ይደረግ ይልሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽና ፎቶዎችሽ ውስጡ ናቸው፣ የትኛው ሶፍትዌር ይሻለኛል ነው ያልሽው። ለጊዜው የትኛውም። መጀመሪያ ንቀይው።

የሰው ዲስክ ስነካካ ቆይቻለሁ። በእጄ ካለፉት ውስጥ የባሱት ከወደቁ በኋላ ባለቤታቸው ሌሊቱን ሙሉ ስካን ሲያስደርጋቸው ያደሩት ናቸው። የተጎዳ ዲስክ በበራ ቁጥር ይብስበታል።

ከመድረካችን አንዱ አባል ቼክዲስክ (የዊንዶውስ ዲስክ መመርመሪያና መጠገኛ) አስኪጂ ብሎሻል። በቅንነት ነው፣ ግን እንዳታደርጊው። ቼክዲስክ የሚያስተካክለው የፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚመዘግበውን ማውጫ ነው፤ ያንቺ ፋይል ቢበታተን ግድ የለውም። ስማቸው የጠፋ ቁርጥራጮች በ«.chk» ቅጥያ አጠራቅሞ «አበቃሁ» ይልሻል።

አሁን አንዴ ሰክተሽ አዳምጪው። ቀጭ… ቀጭ… እያለ የሚደጋግም ወይም የሚፋቅ ድምፅ ካለው ወዲያው አጥፊው። መረጃውን የሚያነበው የውስጥ ክፍል (ሄድ) ተጎድቷል ማለት ነው፣ እሱን ሶፍትዌር አያድነውም። ከአቧራ በጸዳ ክፍል የሚከፍት ባለሙያ ይፈልጋል። ክዳኑን ራስሽ እንዳትከፍቺ። ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው የሚልሽም አይጠፋም፤ እርጥበት ይቋጥርበታል፣ ተዪው።

ድምፁ ደህና ከሆነና ዲስክ ማኔጅመንት (የተሰኩትን ዲስኮች የሚዘረዝረው የዊንዶውስ መስኮት) ላይ ትክክለኛ መጠኑን ካሳየ ግን ተስፋ አለ። ከዲስኩ የማያንስ ባዶ ዲስክ አዘጋጂ። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ አስነሺና በዲዲሬስኪው ሙሉ ቅጂ ውሰጂ። ይህ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ብልሃቱም ደስ ይለኛል፦ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይሰበስባል፣ የተበላሸው ቦታ ላይ ሳይቆይ ይዘላል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ተዘለሉት ይመለሳል። ማፕ ፋይል ስጪው፤ የት እንደደረሰ እዚያ ስለሚመዘግብ ዲስኩ ሲግል አቁመሽ፣ አሳርፈሽ፣ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ትልቁ አደጋ ምንጩንና መድረሻውን ማገላበጥ ነው። ከተገላበጠ ባዶው ዲስክ በፋይሎችሽ ላይ ይጻፋል። በመጠን አትለዪያቸው፣ የሲሪያል ቁጥራቸውን ከላያቸው ላይ ካለው ወረቀት ጋር አስተያይ።

ቅጂው ካለቀ ዋናውን ነቅለሽ አስቀምጪው። ከዚህ በኋላ ሥራሽ ከቅጂው ጋር ብቻ ነው፣ ቢበላሽም አያሳስብም። ፋይል ማዳኛ በሆነው በቴስትዲስክ ጀምሪ። ፎልደሮቹን ካሳየሽ የምትፈልጊውን በነስማቸው ኮፒ ታደርጊያለሽ። ካልሆነ ፎቶሬክ የሚባል ሌላ ፋይል ማዳኛ አለ። እሱ ፋይል ሲስተሙን አያይም፣ ጄፔግ ወይም ወርድ ሲጀምር የሚኖረውን ምልክት እያደነ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ስምም ፎልደርም አይኖርም። በቁጥር የተሰየመ የፎቶ ክምር መለየት ትዕግስት ይፈልጋል።

ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ ከነበረ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ያስፈልግሻል፣ ማይክሮሶፍት አካውንትሽ ላይ ፈልጊው።

ለጽሑፉ ደግሞ ዲስኩ ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ። ለአማካሪሽ በኢሜይል የላክሽው፣ በቴሌግራም ለጓደኛ ያጋራሽው፣ ለማሳተም ፍላሽ ላይ የጫንሽው ይኖራል። የምዕራፍ ሁለት አሮጌ ቅጂም ቢሆን ከዜሮ ከመጀመር ይሻላል።

የዲስኩን ሞዴልና የሰማሽውን ድምፅ ጻፊልን፣ ከዚያ እንቀጥላለን።