“ሱቁ የእኔ ነው፣ ደንበኛ መምረጥ አልችልም?” የጥያቄዎቻችሁ መልስ

ነጋዴ ሰውን በዘሩ፣ በቆዳው ቀለም፣ በሃይማኖቱ ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት “አላስተናግድህም” እንዲል ሕግ ሊፈቅድለት ይገባል ወይ? በዚህ ላይ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደመጡ እመልሳለሁ። ሕግ አስተማሪ ነኝ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ አይገባም። ጥያቄዎቻችሁ ግን ሁሉም ቀላል አይደሉም። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ገንዘቤን ያፈሰስኩት እኔ፣ ኪራይ የምከፍለው እኔ። ላልፈለግሁት ሰው ሽጥ ብሎ ማን ያስገድደኛል?

መልስ፦ ሳሎንህ ቢሆን ማንም አያስገድድህም። ሱቅህን ግን የከፈትከው ለማታውቃቸው ሰዎች ነው። ፈቃድ አውጥተህ፣ ማስታወቂያ ሰቅለህ “ግቡ” ብለሃል። ሌባ ሲመጣብህ የምትጠራው ፖሊስ ደመወዝም አንተ ፊት ከምትነሳው ሰው ግብር ጭምር የሚከፈል ነው።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ የቆየ ልማዳዊ ሕግ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ባዶ ክፍል እያለው መንገደኛን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይመልስ ይከለክል ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ሆቴልና ምግብ ቤት ሰውን በዘር እንዳያገል የከለከለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ እንደወጣ አትላንታ ውስጥ ባለ 216 ክፍል ሞቴል የነበረው ሰው ወዲያው ክስ መሠረተ። ጠበቃም ስለነበር ራሱ ቆሞ ተከራከረ። “ጥቁሮችን አስተናግድ ማለት እኔን በግዳጅ ማገልገል፣ ባሪያ ማድረግ ነው” አለ። ባርነትን የሻረውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጠቅሶ ነው እንዲህ ያለው! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት በሙሉ ድምፅ ክርክሩን ውድቅ አደረገበት።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሚሳደብ ሰካራምም ማስተናገድ ግዴታዬ ነው?

መልስ፦ አይደለም። አስወጣው። ዱቤውን ላልከፈለም ዱቤ ከልክል። ይህ ሁሉ ሰውየው ባደረገው ነገር የሚመጣ ነው። ሕጉ የሚይዝህ ሰውየው በሆነው ነገር ስትመልሰው ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ደንብህ ለሁሉም እኩል ይሥራ። “በነጠላ ጫማ አይገባም” ብለህ አንዱን ወገን ብቻ በር ላይ የምታቆም ከሆነ ደንቡ ሽፋን ነው።

ጥያቄ፦ ሕግ ለምን ያስፈልጋል? ደንበኛ የሚመልስ ነጋዴ ይከስራል። ገበያው ራሱ ይቀጣዋል።

መልስ፦ ይህ ክርክር በኢኮኖሚ ባለሙያዎችም ዘንድ የተከበረ ነው፤ በወረቀት ላይ ያምራል። የአሜሪካን ደቡብ ስናይ ግን ገበያው ለብዙ አሥርት ዓመታት አልቀጣም። አንደኛ፣ በብዙ ግዛቶች መለያየቱን የሚያዘው ራሱ ሕጉ ነበር፤ ጥቁሩንና ነጩን አንድ ላይ ላስቀምጥ ያለ ነጋዴ ይቀጣል። ሁለተኛ፣ የሚበዙት ደንበኞች አድልዎውን ሲፈልጉት ማግለል ትርፍ ያመጣል። አላባማ ግዛት በርሚንግሃም ከተማ የነበረ አንድ ምግብ ቤት ለጥቁሮች ይዘው የሚሄዱትን ምግብ ይሸጥ ነበር፣ ወንበር ላይ ግን አያስቀምጥም። ባለቤቶቹ ፍርድ ቤት ቀርበው ያሉት “ካስቀመጥናቸው ሌላው ደንበኛ ይሸሻል” ነው። ሒሳቡን አስልተውታል ማለት ነው። ከ1936 ጀምሮ ጥቁር ተጓዦች የት ማደር፣ የት መብላት፣ የት ነዳጅ መቅዳት እንደሚችሉ የሚዘረዝር መመሪያ ይታተም ነበር። በልቶ ለማደር መጽሐፍ ማገላበጥ!

በአሜሪካ ደቡብ ያለችውን የግሪንስቦሮ ከተማን ነገር ልታነሳብኝ ትችላለህ፣ ተገቢም ነው። የካቲት 1960 አራት ጥቁር ተማሪዎች አንድ ትልቅ መደብር ገቡ። የጥርስ ሳሙናና ጥቃቅን ዕቃ ሲገዙ ገንዘባቸውን ተቀበላቸው። እዚያው ቤት ምሳ ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው ቡና ሲያዙ ግን “እዚህ አናስተናግድም” ተባሉ። ደረሰኙ እጃቸው ላይ ነው! በየቀኑ እየተመላለሱ፣ ሰውም እየተቀላቀላቸው፣ መደብሩ ገቢው ወርዶ በሐምሌ ፈቀደ። አዎ፣ እዚያ ኪሳራ ሠርቷል። ግን ለአንድ ባንኮኒ ወራት ፈጀ፤ በእነዚያ ወራት የተሰደቡት፣ የታሰሩት ልጆች ናቸው የከፈሉት። ሕጉ ሲወጣ ሸክሙ ከተበዳዩ ጫንቃ ወረደ።

ጥያቄ፦ ሌላ ቤት መሄድ አይቻልም? በማይፈልጉኝ ቦታ ገንዘቤን ለምን እሰጣለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ ቤት ካለ ነው። በ1946 ቫዮላ ዴዝመንድ የተባለች ካናዳዊት ነጋዴ መኪናዋ ኒው ግላስጎው ከተማ ላይ ተበላሸባት። እስኪጠገን ሲኒማ ገባች። ዓይኗ ከሩቅ ስለማያይላት ታች ተቀመጠች፤ ታች ደግሞ ለነጮች ነበር። የላይና የታች ትኬቱን የዋጋ ልዩነት ልክፈል ብትል ትኬት ሻጯ እምቢ አለቻት። ጎትተው አወጧት፣ እስር ቤት አደረች፣ በማግስቱ የተከሰሰችው በሁለቱ ትኬቶች መካከል ባለ የአንድ ሳንቲም የግብር ልዩነት ነው። 20 ዶላር ተቀጣች፣ የፍርድ ቤት ወጪም ተጨመረባት። ይቅርታ የተደረገላት በ2010 ነው፤ ሞታ 45 ዓመት ካለፋት በኋላ። ጉዳዩ የፊልም አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሃይማኖቴ የማይፈቅደውን ሥራስ?

መልስ፦ ከባዱ ይህ ነው። “ሃይማኖቴ አይፈቅድም” የሚለው ቃል ዘረኝነትንም ሸፍኗል። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የሥጋ ጥብስ ቤቶች የነበሩት ሰው ጥቁሮችን ላለማስተናገድ ይህንኑ ምክንያት አቅርቦ በ1968 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልሰማውም።

ግን ሰውን እምቢ ማለትና መልእክትን እምቢ ማለት ይለያያሉ። ቤልፋስት ውስጥ ክርስቲያን ዳቦ ጋጋሪዎች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚደግፍ ጽሑፍ ያለበት ኬክ አንሠራም ብለው ተከሰሱ። በ2018 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ፦ ያንን ጽሑፍ ማንም ቢያዝ አይሠሩትም ነበር፣ የተቃወሙት ደንበኛውን ሳይሆን ቃሉን ነው አለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። አንድን አታሚ የማያምንበትን መፈክር አትም ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ዳቦ ጋጋሪው ግን ያንኑ ደንበኛ መደርደሪያ ላይ ያለውን ዳቦ አልሸጥልህም ማለት አይችልም።

ጥያቄ፦ ለሴቶች ብቻ የሚባለውስ?

መልስ፦ በቂ ምክንያት ሲኖረው ሕጎች ይፈቅዳሉ፤ ለተጠቁ ሴቶች መጠለያ ይጠቀሳል። ከሴቶች ጉዳይ ውጭ ሌላም ልዩ ሁኔታ አለ፦ ባለቤቱ የሚኖርበት፣ የሚከራዩት ክፍሎች ከአምስት የማይበልጡ ማረፊያም ከአሜሪካው የ1964 ሕግ ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ “ቦታ ሞልቷል” ብለው ቢመልሱኝ በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ ዛሬ “አንፈልግህም” ብሎ በግልጽ የሚናገር ጥቂት ነው። ስለዚህ የመብት ድርጅቶች ሁለት ሰው ይልካሉ፤ በዕድሜ፣ በአለባበስ፣ በጥያቄ አንድ ዓይነት፣ በዘር ብቻ የሚለያዩ። አንዱ “ሞልቷል” ተብሎ ሌላው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁልፍ ከተሰጠው ማስረጃ ነው። አንቺም ብቻሽን ከሆንሽ ምክንያቱን በጨዋ ቃል ጠይቂ፣ የተባልሽውን ቃል በቃል እዚያው ስልክሽ ላይ ጻፊ፣ ሰዓቱን ያዢ፣ አብሮሽ የነበረ ሰው ካለ ስሙን ውሰጂ። አትቆዪ። በእንግሊዝ ለምሳሌ በአገልግሎት መከልከል ላይ ክስ የሚቀርበው በመሠረቱ በስድስት ወር ውስጥ ነው።