ሳይፕረሱ ለምን ቡናማ ሆኖ ወጣብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዳላስ ነው የምኖረው። ባለፈው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ካዶ ሌክ (ቴክሳስና ሉዊዚያና ድንበር ላይ ያለው ሐይቅ) ሄጄ ነበር፣ ያ ውሃ ውስጥ የቆመ የሳይፕረስ ዛፍ ጫካ በዓይኔ ሳየው እሳት የተለቀቀበት ነበር የሚመስለው፣ ቤት ገብቼ ፎቶውን ስከፍተው ግን ሰማዩ ነጭ ወረቀት፣ ውሃው ብልጭልጭ፣ ዛፉ የደረቀ ቡናማ። ያነሳሁት እኩለ ቀን ላይ ከዳር ቆሜ ነው። ዘንድሮ በጀልባ ልግባ? ትራይፖድ (የካሜራ ማቆሚያ) ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወሩን አልሳትሽም፣ ሰዓቱን ነው የሳትሽው። ይሄ ዛፍ እኛ የፈረንጅ ጥድ ከምንለው ጋር ቤተሰብ ነው፣ ግን እንደሱ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ አይሆንም፣ ቅጠሉን ያረግፋል፣ "መላጣ ሳይፕረስ" የሚሉትም ለዛ ነው። ካዶ ላይ ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ገደማ ነው የሚደምቀው። ቅጠሉን ቀረብ ብለሽ እይው እስቲ፣ ላባ ነው የሚመስለው፣ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይዋ ገና ዝቅ እንዳለች ከዛፉ ጀርባ አድርገሽ ስታነሺው ከውስጡ ይበራል፣ ከላዩ የተንጠለጠለው ስፓኒሽ ሞስ የሚባል ግራጫ ተክልም ጠርዙ ብር ይሆናል (ስሙ ሞስ ይባል እንጂ የአናናስ ዘመድ ነው)። እኩለ ቀን ላይ ይሄ ሁሉ ይጠፋል።

ሰማዩን ከፍሬም አውጪው። ሩቁን የሚያቀርብ 70-200 ሚሊሜትር ሌንስ ካለሽ እሱን ያዢ፣ ግንዱንና ውሃውን ብቻ ፍሬሙ ውስጥ አስገቢ። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) ደግሞ ከአውቶ አውጥተሽ ዴይላይት (የቀን ብርሃን) ላይ አድርጊው፣ አውቶው ያንን ብርቱካናማ ስህተት መስሎት ሊያቀዘቅዘው ይችላል።

ፖላራይዘር ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ የሚዞር መስታወት) በጣም ይጠቅማል፣ ቅጠሉ ላይ ያለውን ነጭ ብልጭታ ያነሳልሻል፣ ግን እስከ መጨረሻው አታዙሪው። አንዴ እኔ ሙሉ በሙሉ አዙሬው የውሃው ነጸብራቅ ድራሹ ጠፋ፣ ረግረግ ውስጥ ደግሞ የፎቶው ግማሽ እኮ ነጸብራቁ ነው፣ ያን ጠዋት አሁንም ያንገበግበኛል። በዓይንሽ እያየሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው፣ ቅጠሉ ሲደምቅና ዛፉ ውሃው ላይ ገና ሲታይ እዛው ላይ አቁሚው።

ጭጋግ ከፈለግሽ ንፋስ የሌለበት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ሌሊት ጠብቂ፣ ውሃው ገና ሞቅ ያለ ስለሆነ ንጋት ላይ ይተናል። ካሜራው ግን ጭጋጉን በጣም ብሩህ ነው ብሎ ያጨልምብሻል፣ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን መጠን) ከ+0.3 እስከ +1 ጨምሪበት።

ጀልባ? አዎ ግቢ፣ ግን በጨለማ ብቻሽን አይሆንም፣ ቦታው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚመስል መንገድ ይጠፋል፣ ከውሃው በታች የተደበቀ ጉቶም አለ፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ላይፍ ጃኬት ልበሺ። ጀልባ ላይ ትራይፖድ ዋጋ የለውም፣ ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/500 ሴኮንድ አድርጊና አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 1600 ከፍ አድርጊው። ትራይፖዱ የሚሠራልሽ ካዶ ሌክ ስቴት ፓርክ ውስጥ ያለው ሶው ሚል ፖንድ የሚባለው ኩሬ ዳር ነው፣ እዛ ጀልባም አያስፈልግሽ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ድረሺና ቦታሽን ያዢ።