ስለ ጀርባው መርፌ ለጠየቅሽው

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽ 61 ዓመታቸው ነው፤ ቀኝ ጡታቸው ከብብታቸው ዕጢዎች ጋር ሊወጣ ነው። ሐኪሙ «ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንዳያማቸው ጀርባቸው ላይ ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌ እንሰጣለን» ብሏል። ጎረቤት ደግሞ «ሽባ ያደርጋል» ብላ አስፈራርታችኋለች። እሺ እንበል ወይ ነው ያልሽው።

እኔ በማደንዘዣ ሙያ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ታላቅ እህቴም አምና ይሄንኑ ኦፕራሲዮን ሆናለች። እናቴ ብትሆን እሺ እላለሁ። ብቻ የሚወጋው ሰው እጁ የለመደ ይሁን፤ መርፌውንም በአልትራሳውንድ እያየ ያስገባ።

ሰው «ጀርባ ላይ መርፌ» ሲባል ትዝ የሚለው በኦፕራሲዮን ስትወልድ ወገብ ላይ የሚወጋው ነው። ያ እግር ያደነዝዛል። ይሄኛው ሥራው ደረት ላይ ነው። ወደ ጡት የሚሄዱት ነርቮች ከአከርካሪ ወጥተው በየጎድን አጥንቱ መሃል ያልፋሉ። መድኃኒቱ፣ ብዙ ጊዜ ቡፒቫኬይን፣ የሚገባው በሚታከመው ጎን፣ ነርቮቹ የሚያልፉበት ቦታ ላይ ነው። አከርካሪው አጠገብ ከተሰጠ ፓራቨርቴብራል ይባላል። ጀርባ ጡንቻ ሥር የሚሰጥ ኢሬክተር ስፓይኔ የሚሉትም አለ። ከፊት፣ በደረት ጡንቻዎች መሃል የሚሰጠው ፔክስ ነው። የትኛው ይሻላል ብለሽ አትጨነቂ፤ ባለሙያው የለመደው ይሻላል። እናትሽ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣም ተሰጥቷቸው ይተኛሉ፤ ብሎኩ፣ ማለት ይሄ ነርቭ የሚያደነዝዘው መርፌ፣ በዋናነት ከነቁ በኋላ ላለው ሕመም ነው። በዚህ መርፌ ሽባ የሆነ ሰው እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እህቴ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተወጋች። ማታ 1 ሰዓት ላይ ስገባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አጥሚት ትጠጣለች። አላስመለሳትም። እንደ ሞርፊንና ፔቲዲን ያሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች ሲቀነሱ ማስመለሱም ይቀንሳል። «ለዚህ ነው ሁላችሁም ስትንቀጠቀጡ የከረማችሁት?» ብላ ሳቀችብኝ። ኪኒን ሲመጣላት «ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ?» ብላ መለሰችው። ነርሷም «ብሎክ አላት» ብላ ሄደች። እኔም፣ ሥራዬ ሆኖ፣ ዝም አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብሎኩ ለቀቀ። ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ስነቃ በአንድ እጇ የአልጋውን ብረት ጨብጣ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አገኘኋት። ግማሽ ሰዓት እንደዛ ቆይታለች። «እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው» አለችኝ። እኛ አገር ሴት ልጅ «ቻል አድርጊው» ተብላ ስለምታድግ ማንም ሳይላት ራሷን ትላለች። ከዚያ በኋላ ማስታገሻ ተሰጥቷት እንኳ እፎይ እስክትል ሊነጋ ነበር።

የአንድ ጊዜ መርፌ እንደ መድኃኒቱና እንደ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው የሚቆየው። ሲለቅም ድንገት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተወጉበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፊው። ፓራሲታሞሉን ባያማቸውም በሰዓቱ ይውሰዱ። ዲክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን ይጨመር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ጨጓራ ወይ ኩላሊት ካለባቸው ንገሪው። ከመተኛታቸው በፊት ደግሞ ለከባድ ሕመም ምን እንደታዘዘ ነርሷን ጠይቂ።

ሰው የማይነግርሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። የብብት ዕጢዎች ሲወጡ ወደ ክንድ የውስጥ ገጽ የሚሄደው ነርቭ ሊጎዳ ወይ ሊቆረጥ ይችላል። እህቴ እስካሁን ብብቷ አጠገብ ስትነካው «የሌላ ሰው ቆዳ ይመስለኛል» ትላለች። ያ ከቀዶ ጥገናው የመጣ ነው። የእናትሽ ክንድ በሁለተኛው ሳምንት ቢደነዝዝ ጎረቤትሽ «አላልኳችሁም?» እንደምትል ከአሁኑ እወቂ።

አደጋ የለውም አልልሽም። አከርካሪ አጠገብ ሲሰጥ አልፎ አልፎ የሳንባ ሽፋን ሊነካ ይችላል። ዋርፋሪን ወይ ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። መድኃኒቱ ወደ ደም ከገባ ወይ ከበዛ ጆሮ ይጮኻል፣ ከንፈር ይደነዝዛል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል። ነቅተው ከተወጉ ይሄ ሲሰማቸው ወዲያው ይናገሩ። ለዚህ የሚሰጥ የስብ ፈሳሽ አለ፤ «እናንተ ጋ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

«ብሎክ ካንሰሩ እንዳይመለስ ያደርጋል» የሚል ወሬም ሰምተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው፣ ከ2 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በዚያ በኩል ልዩነት አላገኘም። ለሕመሙ ብላችሁ ውሰዱት።

ቀኑ ሲቆረጥ እዚሁ ጻፊልኝ። የታዘዘላቸውን ይዘሽ ነይ፤ ኪኒኑ በስንት ሰዓት እንደሚውል አብረን እናሰላዋለን።