የአቮካዶ ፍሬ ከማቃጠልሽ በፊት

እህቴ፣ ጭማቂ ቤቶች የሚጥሉትን የአቮካዶ ፍሬ አክቲቬትድ ካርቦን (ቀለም የሚይዝ ባለቀዳዳ ከሰል) አድርገሽ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቀለም ውሃ ለማጣራት አስበሽ «ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔም ለማስተርሴ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ቲዎሪውን ታውቂዋለሽ። እኔን ያቃጠለኝን ብቻ ልንገርሽ።

1. ፍሬውን ባመጣሽበት ቀን ክተፊው። እርጥቡ በቢላ ይሄዳል፣ ከደረቀ ግን መዶሻ ነው የሚፈልገው። ሲከተፍ ብርቱካናማ ይሆናል፤ አትደንግጪ። ጋዋንሽን ግን ጠብቂ፣ የእኔ እስከ ዛሬ አለቀቀም።

2. ፈርነሱን (ፍሬው የሚከስልበትን የላብ ምድጃ) ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቺ። 500 ዲግሪ ላይ ሳለ መብራት ሄደብኝ። «እስቲ ምን ላይ ደረሰ» ብዬ በሩን ከፈትኩ፣ የዕቃውን ክዳንም አነሳሁ። አየር ሲያገኝ ፍም ሆነ። ጠዋት የጠበቀኝ አመድ ነው።

3. አሲድ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይብሽ። የጠየቅሁት 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ፣ አንድ ሊትር ብቻ ነው። ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ አለኝ። ከተማውን ዞሬ አመጣሁ። የአንዱ ማህተም ደብዝዟል ተብሎ ተመለሰ። በሌላው ሳምንት ስሄድ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው። አንዱ ሠራተኛ ደግሞ «ቆሻሻ ለማቃጠል አሲድ ምን ያደርጋል? ክብሪት አይበቃህም?» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀብኝ። ክብሪት የሚያወጣው ተራ ከሰል ነው፣ አሲዱ ግን ከሰሉን ውስጥ ለውስጥ ይበሳሳዋል፣ ቀለሙም የሚያዘው እዛ ቀዳዳ ውስጥ ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ማን ሰምቶኝ! አራት ወር እንዲሁ አለፈ። በመጨረሻ ሌላ ላብ የሚሠራ ጓደኛዬ ከተረፈው ግማሽ ሊትር ሰጠኝ።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ያኔ ነው። ጊዜ አጥሮኛል፣ ዲስቲልድ ውሃውም በወረፋ ነው። በአሲዱ የሠራሁት ካርቦን አሲዱ እስኪወጣ መታጠብ ነበረበት፤ እኔ ሁለቴ አለቅልቄ «በቃ» አልኩ። ሜቲሊን ብሉ በሚባለው የመሞከሪያ ሰማያዊ ቀለም ላይ ስሞክረው ከቀለሙ 31 በመቶ ብቻ ያዘ። አቮካዶውን ረገምኩት። ወደ ቡና ገለባ ልቀይር ብዬ አዲስ ፕሮፖዛል ሁሉ ጀምሬ ነበር። የላብ ቴክኒሻናችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ «ለመሆኑ ካርቦኑን ባዶ ውሃ ውስጥ ነክረህ ፒኤቹን ለክተሃል?» አሉኝ። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ከ7 ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። ለካሁት፤ 2.6! አሲዱ አልወጣም። ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ተቀምጧል፣ ውሃውንም አኮምጥጦታል። ሜቲሊን ብሉ ደግሞ በአሲዳማ ውሃ ውስጥ በደንብ አይያዝም። በሙቅ ውሃ 11 ጊዜ አጠብኩት፣ ፒኤቹ 6.8 እስኪደርስ። ያው ካርቦን 94 በመቶ ያዘ። አድቫይዘሬ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስቶ «ቀለም መጨመሩን ረስተህ ነው?» አለኝ። ያን ቀን ምሳም አልበላሁ።

ሳልረሳው፦ የላመው ዱቄት በማጣሪያ ወረቀት ሾልኮ ያልፋል፣ ቀለም የሚለካው ማሽንም እንደ ቀለም ይቆጥረዋል። ከመለካትሽ በፊት ሴንትሪፉጅ አድርጊው፣ ማለትም ዱቄቱ እንዲዘቅጥ በማሽን አሽከርክሪው። የስምጥ ሸለቆን ውሃ ፍሎራይድም በዚሁ አጣራለሁ ብለሽ ፕሮፖዛልሽ ላይ እንዳትጽፊ፤ ለእሱ የሚሻለው የአጥንት ከሰል ነው።

ፕሮፎርማውን ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። ማህተሙ መነበቡን እዛው ሱቁ በር ላይ ቆመሽ እዪ።