ፎርሙላውን ሸምድጃለሁ፤ ጥያቄው ግን ያምታታኛል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለፈተናው ብዬ የ9ኛ ክፍልን ፊዚክስ እንደ አዲስ እየከለስኩ ነው። ፎርሙላዎቹን በሙሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ጥያቄ ስሠራ ግን የትኛውን እንደማነሳ ግራ ይገባኛል። ማስና ዌይት፣ ፎርስና ኢነርጂ ይምታቱብኛል። ከየት ልጀምር? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ልጄ፣ ወረቀቱን ቅደጂው አልልሽም። ለአንድ ሳምንት ግን ገልብጠሽ ለጥፊው።

ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ፎርሙላ ጠፍቶት የወደቀ ተማሪ ብዙም አላየሁም። ብዙውን ጊዜ ጠልፎ የሚጥለን የራሳችን የየዕለት ቋንቋ ነው። እስቲ «ኃይል» የሚለውን ቃል ተመልከቺ። ጠረጴዛ የምትገፊበትን ኃይል እንለዋለን። መብራት ሲጠፋ «ኃይል ተቋረጠ» እንላለን። 60 ዋት አምፖል ሲገዛም ያው ኃይል ነው። በፊዚክስ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፎርስ በኒውተን፣ ኢነርጂ በጁል፣ ፓወር በዋት ይለካል። አንድ ዋት ማለት በሴኮንድ አንድ ጁል ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ስታነቢ ዓይንሽ መጀመሪያ መለኪያው ላይ ይረፍ። ግማሹን መልስ እሱ ይነግርሻል።

«ክብደት»ም እንዲሁ ነው። ገበያ ወጥተሽ የአንድ ጆንያ ገብስ ክብደት ብትጠይቂ «50 ኪሎ» ይሉሻል። ለገበያ ልክ ነው። ለፈተና ግን 50 ኪሎው ማስ ነው፤ የገብሱ የራሱ መጠን ማለት ነው። ዌይቱ፣ ማለትም መሬት የምትስብበት ፎርስ፣ 50 በመሬት ስበት ልክ በ9.8 ተባዝቶ 490 ኒውተን ይሆናል። ጆንያውን ጨረቃ ላይ ብትወስጂው 50 ኪሎው ፍንክች አይልም። ዌይቱ ግን ወደ 81 ኒውተን ገደማ ይወርዳል፤ ጨረቃ የምትስበው በቀስታ ነዋ።

ጆንያውን ገና አታንሺው። ወለል ላይ ተቀምጧል እንበል። መሬት ወደ ታች ትስበዋለች፣ ወለሉ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ እኩልና ተቃራኒ ናቸው። ታዲያ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ (አንዱ ሌላውን ሲገፋ ወይም ሲስብ ሌላውም እኩል በተቃራኒው ይመልሳል የሚለው) ጥንዶች ናቸው? ክፍል ውስጥ ይህንን ስጠይቅ እጅ ሁሉ «አዎ» ለማለት ይወጣ ነበር። አይደሉም! ሁለቱም ያረፉት አንዱ ጆንያ ላይ ነው። የሦስተኛው ሕግ ጥንዶች ሁልጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ላይ ያርፋሉ። መሬት ጆንያውን ትስባለች፣ ጆንያውም መሬትን ይስባል። ጥንዱ ይሄ ነው። «ማን ማንን?» ብለሽ ከጠየቅሽ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጪው፤ አትሳሳቺም።

ሌላው የታወቀ ወጥመድ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ነው። ጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። አክስለሬሽኑስ (ፍጥነቱ በየሴኮንዱ የሚለወጥበት መጠን)? ዜሮ ብለሽ እንዳትጽፊ። እሱም ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኳሱ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ሲወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ሲወርድም ያው 9.8 ነው፤ ወደ ታች።

አሁን ወደ አገርሽ ልምጣ። ደብረ ሲና ያደገ ልጅ ኢነርጂ አልገባኝም ሲል ይገርመኛል። ከጣርማ በር ቁልቁል የሚመጡትን የጭነት መኪናዎች አይተሻል። የተቃጠለ ፍሬንም ሳይሸትሽ አልቀረም። መኪናው ከነጭነቱ 10,000 ኪሎ፣ ከላይ እስከ ታች ያለው የከፍታ ልዩነት 500 ሜትር ነው ብለን እንያዝ። ለሒሳቡ እንዲቀል 9.8ን 10 እናድርገው። ማስ ሲባዛ በ10 ሲባዛ በ500፣ 50 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። ላይ ሳለ ያ ሁሉ ፖቴንሻል ኢነርጂ (ከፍታ ላይ በመሆኑ የያዘው) ነበረው። ሰበቃ (ፍሪክሽን) የሚባል ነገር ባይኖር ሁሉም ወደ ካይኔቲክ፣ ማለትም ወደ እንቅስቃሴ ኢነርጂ፣ ይለወጥና መኪናው ታች ሲደርስ 100 ሜትር በሴኮንድ ይበር ነበር። በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ማለት ነው! ባዶም ይሁን ሙሉ ለውጥ የለውም፤ ማሱ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። ራስሽ ሠርተሽ እዪው።

ነገር ግን መኪናው ቀስ ብሎ ይደርሳል። 50 ሚሊዮኑ ጁል የት ገባ? ሙቀት ሆነ። የፍሬኑን ሽታ ያመጣው እሱ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር በከባድ ማርሽ የሚወርደው ሞተሩም ድርሻውን እንዲይዝለት ነው፤ ሁሉን ፍሬኑ ላይ ቢጭን ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይላል። ፈተና ላይ «ሰበቃ የለም» የሚል ቃል ስታዪ ይህ ሾፌር ትዝ ይበልሽ። ቃሉ ከሌለ ሙቀቱን መቁጠር አለብሽ።

«ሥራ» ላይ ብዙ አልቆይም። 20 ሊትር ውኃ ተሸክመሽ ሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት ብትሄጂ፣ ወደ ላይ የያዝሽበት ፎርስ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ፎርሱ ወደ ላይ፣ መንገድሽ ወደ ጎን። ላብሽን ፊዚክስ አይቆጥርልሽም። አንዷ ተማሪዬ በዚህ ነገር ተቀይማኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

የራሴንም ጉድ ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ፈተና ላይ የመኪና ካይኔቲክ ኢነርጂ ተጠየቅኩ። ፍጥነቱ 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነበር። 72ቱን እንዳለ ስኩዌር አድርጌ አባዛሁት። ለ3.6 አካፍዬ 20 ሜትር በሴኮንድ ማድረግ ነበረብኝ። መልሴ ከትክክለኛው 13 ጊዜ ያህል በለጠ። የሚያናድደው፣ ያ የተሳሳተው ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ፈታኞች ስህተታችንን ከእኛ በፊት ያውቁታል።

እና በምን ትጀምሪያለሽ? በየቀኑ አምስት ጥያቄ ውሰጂ፤ አትፍቺያቸው። ሥዕል ሳዪ፣ የፎርሶቹን ቀስቶች አስቀምጪ፣ ምን እየሆነ እንደሆነ በአማርኛ ለእናትሽም ቢሆን ተናገሪ። ትምህርቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ልጅ ሳይገባው ቃሉን ብቻ ይዞ ያልፋል። በአማርኛ መናገር ካቃተሽ አልገባሽም ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን መልሰሽ ገልብጪውና መፍታት ጀምሪ።

አንድ የቤት ሥራ። ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባስ ተሳፍረሽ በአንድ ሰዓት ተኩል ደረስሽ፣ በዚያው መንገድ በአንድ ሰዓት ተኩል ተመለስሽ። አማካይ ስፒድሽ ስንት ነው? አማካይ ቬሎሲቲሽስ (አቅጣጫንም የሚቆጥረው)? ሁለቱን መልሶች ጻፊልኝ፤ ከነመለኪያቸው።